ሬዲዮ ሲዘጋ በብርሃን የተናገሩት እናታችን

እናታችን በ1945 ዓ.ም. ከመካኒክ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ጀርባ ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። አውሮፕላን በተነሣ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጥ ስለነበር መካኒኩ አያታችን፣ “ይቺ ልጅ እሹሩሩ የለመደችው ከሞተር ነው” እያሉ ይቀልዱ ነበር። ትምህርታቸውን እንደጨረሱ በበረራ ተቆጣጣሪነት ሠልጥነው በ1966 ዓ.ም. እዚያው ማረፊያ፣ የበረራ መቆጣጠሪያው ማማ ላይ ሥራ ጀመሩ።

በ1969 ዓ.ም. ከአባታችን ጋር ትዳር መሠረቱ። አባታችን የትንሽ አውሮፕላን አብራሪ ነበሩ፤ ቀይና አረንጓዴ ግን አይለዩም። እናታችን ይህን ያወቁት በእጮኝነታቸው ጊዜ፣ አባታችን አንድ ዘንቢል ያልበሰለ አረንጓዴ ቲማቲም የበሰለ መስሏቸው በኩራት ገዝተው ሲመጡ ነው።

ሬዲዮ ሲበላሽ ማማው አብራሪውን የሚያናግረው በምልክት መብራት ነው፤ አረንጓዴው እረፍ፣ ቀዩ ቆይ ይላል። በዚህ ምክንያት የፈቃድ ቦርዱ አባታችንን ከበረራ ሊያግዳቸው ተነሣ። እናታችን ቦርዱ ፊት ቀርበው፣ “ሰውየው ቀለም ባይለይም ብልጭታ መለየት አያቅተውም” አሉ። ያቀረቡት ዘዴ ቀላል ነበር፦ መብራቱ ሳይቋረጥ ከበራ ማረፍ፣ ጥንድ ጥንድ ብልጭ ካለ አየር ላይ መቆየት። ቦርዱ ደጋግሞ ከፈተነ በኋላ እያመነታ ፈቀደ።

በ1976 ዓ.ም. አንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ አባታችን ተሳፋሪ ይዘው ሲመለሱ ሬዲዮው ጸጥ አለ። ማኮብኮቢያው ላይ ደግሞ የነዳጅ መኪና ተበላሽቶ ቆሟል። ተረኛው ባልደረባቸው፣ “እትዬ፣ መብራቱን እኔ ልያዝልዎት” ቢሏቸው፣ “ተወኝ ወንድሜ፣ ባሌን እኔው አወርደዋለሁ” ብለው መብራቱን ጥንድ ጥንድ አበሩ። ሊያርፍ ዝቅ ያለው አውሮፕላን ቀና ብሎ አለፈ። መኪናው ተጎትቶ ሲወጣ መብራቱን ሳያቋርጡ ያዙ፤ አባታችን አረፉ፤ ተሳፋሪው ሁሉ በእግሩ ወረደ። አባታችን ማማው ላይ እያለከለኩ ወጥተው፣ “በትዳራችን ሳልከራከር የታዘዝኩሽ ገና ዛሬ ነው” ማለታቸውን ባልደረቦቻቸው እስከ ዛሬ ያወራሉ።

ዘዴው ወደ ሌሎች ማረፊያዎችም ተዳረሰ። እናታችን ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2000 ዓ.ም. ድረስ መስማት የተሳናቸውን አብራሪዎች ጭምር አሠልጥነውበታል፤ “እነዚህ ሬዲዮ ጠፋብኝ ብለው አይደነግጡም” እያሉ ያሞግሷቸው ነበር።

ባደረባቸው የልብ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ኅዳር 4 ቀን 2015 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። ከባለቤታቸው ሌላ ሦስት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች ትተው አልፈዋል። ከልጅ ልጆቻቸው አንዱ የወንድ አያቱን ቀለም የማይለይ ዓይን ወርሷል። ባለፈው ወር ለአብራሪነት ተፈትኖ ፈቃዱን ሲቀበል፣ ቦርዱ ስለ ቀለም አንድም ጥያቄ አላነሣም፤ እናታችንም ይህን በሕይወት ሳሉ ሰምተዋል።

አምላክ ነፍሳቸውን በቸርነቱ ይቀበልልን፤ አባታችንንም ያጽናልን።