ሁለታችሁን የተሸከመ ቃሬዛ

እማዬ፣ አላህ ቀብርሽን ኑር ይሙላው። አፈር ከለበስሽ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆነሽ።

በሩን ጥይት የበሳበትን ቦታ አባባ በቆርቆሮ ደፈነው። እሱ ከዚያ ቀን ወዲህ መስጊድም ሲሄድ አንገቱን ደፍቶ ነው። ያን ቀን ቤት ቀረሁ ብሎ በራሱ ይፈርዳል፤ እውነቱን ልንገርሽና አንዳንዴ እኔም እፈርድበታለሁ።

ዩኒፎርም የለበሱት ሰይድን፣ ወንድሜን፣ ከሱቁ ጎትተው አስፋልቱ ዳር ሲደፉት፣ ሬሳውን የሚያነሳ ወንድ ይገደላል ተባለ። የሞከረው ጎረቤታችን ጉልበቱን ተመታ። ሰይድ ከጠዋት እስከ ዐስር ሰዓት ፀሐይ ላይ ተኛ፣ ዝንብ ወረረው። ውሻ ሲጠጋው አይተሽ ተነሳሽ። ሴት ቃሬዛ አትሸከምም የሚለውን ልማድ እንዳንቺ የሚጠብቅ አልነበረም፤ ጎረቤታችንን ከድጃን ቀብር ወጣች ብለሽ ስንቴ አምተሻታል። ያን ቀን ግን ቃሬዛውን ከመስጊድ አውጥተሽ፣ «ኮታ፣ ኑ» እያልሽ ሴቱን ሁሉ ጠራሽ።

በኛ አገር እናት ሻሿን ካነጠፈች ገዳይም ይቆማል። እኛም ሻሻችንን አውልቀን አስፋልቱ ላይ አነጠፍን። ሞኞች ነበርን፤ እየረገጡት መጡ። መጀመሪያ ወደ ሰማይ ተኮሱ፣ ቀጥሎ አንገትሽን መቱሽ። ደምሽ አፌ ገባ፤ እስከዛሬ ውኃ ስጠጣ ጨው ጨው ይለኛል። ያማሻት ከድጃ ቃሬዛውን ባንቺ ቦታ ያዘች። ሁለታችሁን ደርበን ተሸከምን። ስለበዛን ነው መሰለኝ መተኮሱን ተዉት፤ ጥይት አልቆባቸውም ይሆናል።

አሁን በከሚሴም በጨፋ ሮቢትም ሰው ሲገደል ቃሬዛ ይዞ የሚወጣው ሴቱ ነው። ካንቺ ወዲህ ሁለት ሴቶች ተገድለውብናል። ባለፈው ወር ገዳዮቹ ለፍርድ ይቅረቡ ብለን አስፋልቱ ላይ ስንቀመጥ በሰደፍ ደበደቡን። የዘይነብን፣ የትንሿን ልጅሽን፣ ሁለት ጥርስ አርግፈው አሰሯት።

ረቡዕ ያሰሯት ሰዎች ቢሯቸው ጠሩኝ። እናቴ በተባራሪ ጥይት ሞተች ብዬ ከፈረምኩ ዘይነብ ትፈታለች አሉኝ። እስክርቢቶውን ያዝኩት እማ፣ አልዋሽሽም። እህቴ ናት፣ አሳዘነችኝ። አንድ ቀን አስቢበት ብለው ለቀቁኝ። ዘይነብ ግን ወሬውን ሰምታ፣ ስንቅ በምታደርስላት ሴት በኩል ከፈረምሽ እህት የለሽም ብላ ላከችብኝ።

አልፈረምኩም። እሷም አልተፈታችም። አንቺ በተባራሪ አልሞትሽም፤ ልጅሽን ልታነሺ ስትሄጂ አልመው ነው የገደሉሽ። ይህን እስክቀበር አልረሳም፣ ለማንም አልፈርምም።