ሁለት ዓይን ለወታደሩ

ጥቅምት 3
ቁርስ በላሁ። ፀሐይ ሞቅሁ። ከጎረቤቴ ከያየህ ጋር ተሰዳደብን። የተለመደ ቀን።
«ገና አልሞትክም?» አለኝ በአጥሩ ላይ።
«አንተን ሳልቀብር የት እሄዳለሁ?»
ስልሳ ዓመት በዚሁ ሰላምታ ኖርን።
ከሰዓት ርእሰ መምህሩ ስጦታው መጣ። «አባባ የኔሰው፣ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ግድግዳ ላይ ሀገር የመሩትን ሰዎች ይሥሉልናል? ልጆቹ ስማቸውን ይሰማሉ እንጂ መልካቸውን አያውቁም።»
«መልካቸውን አውቀው ምን ሊያደርጉ? ሊያገቧቸው?»
ሳቀ። እኔም እንቢ ያልኩ መስዬ ትንሽ አስለመንኩት። በልቤማ ጨፍሬያለሁ! ብሩሽ ካስቀመጥኩ ዐሥራ አንድ ዓመት። የልጅ ልጄ ብሩክታይት፣ «አባባ፣ ምነው ዛሬ ያፏጫሉ?» አለችኝ። አፏጨሁ እንዴ?

ጥቅምት 6
ከንጉሡ ጀመርኩ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ጺማቸውን አስቀደምኩ… ለጺም መንቀጥቀጥ ይመቻል።

ጥቅምት 9
ዛሬ ያየህ ቤቴ ድረስ ገባ። በአጥር ላይ አልተሳደበም። ቁጭ አለ።
«ወታደሩንም ትሥለዋለህ አሉ።»
«ሀገር መርቷል። ዝርዝሩ ውስጥ አለ።»
«አንድ ዓይን ነው የምታደርግለት አይደል?»
አባቴ ደብረ ወርቅ ሥዕል ሲያስተምረኝ ሕጉ ይኸው ነበር። ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ። ኃጥእ በጎኑ፣ ባንድ ዓይን። ወታደሩ ሥልጣን ላይ በነበረ ጊዜ ለሰልፍ ሥለው ተብዬ ባንድ ዓይን ሥዬዋለሁ። ዘጠኝ ቀን ታስሬበታለሁ። ቢቸና ሙሉ እስከ ዛሬ ይህን እያወራ ጀግና ይለኛል። ከሁሉ በላይ ያየህ።
ያየህ ቢቆጣ ይገባዋል። ወንድሙ ቢያድግልኝ በዚሁ ትምህርት ቤት መምህር ነበር። በዚያው ዘመን የወታደሩ ሰዎች ከክፍል ጠርተው ወሰዱት። አልተመለሰም። መቃብርም የለው።
«ስጦታው ሁሉም እኩል ይሁን ብሏል» አልኩት። «ትምህርት ቤት ነው፣ ቤተ ክርስቲያን አይደለም አለ።»
«ሁለት ዓይን ካደረግህለት ደጅህን አልረግጥም።»
እስኪስቅ ጠበቅሁ። አልሳቀም። ከዘራውን አንሥቶ ወጣ።

ጥቅምት 10
ያየህ በአጥሩ አላለፈም።

ጥቅምት 12
ዛሬም የለም። የሚሰድበኝ ሰው አጣሁ። ብሩክታይትን ብሞክራት «እሺ አባባ» ትለኛለች። ምን ዋጋ አለው?
እዚህ ልጻፈው፣ ማን ያነበዋል… ያን ጊዜ ጀግና አልነበርኩም። የሰጡኝ ፎቶ ወደ ጎን የዞረ ነበር። ያየሁትን ገለበጥኩ። በቃ! ካድሬው መጥቶ «ሌላው ዓይኑስ?» ሲለኝ፣ «በዚያ በኩል ነው፣ ጓድ» አልኩት። እውነቴን ነበር። ስወጣ ሰው እልል አለ። እኔም ዝም አልኩ። እልልታ ሲመጣ ማን ይመልሳል?
አሁን ምን ላድርግ? ለያየህ ስል አንድ ዓይን ባደርግ ውሸቱ በግድግዳ ይጸናል። ሁለት ባደርግ ያየህን አጣሁ። በዚህ ዕድሜ ሌላ ያየህ ከየት ይመጣል?

ጥቅምት 15
ሞጣ ሄጄ ተመለስኩ። ለብሩክታይት «ቀለም ልገዛ» አልኳት። ውሸት። የሄድኩት የያየህ እህት ፈንታዬ ዘንድ ነው። የቢያድግልኝ ፎቶ አንድ ብቻ ቀርቷል፣ እሷ ጋ።
በጎረምሳነቴ ሽማግሌ ልኬባት እንቢ ብላኛለች። በሩን ከፍታ ገና ስታየኝ፣ «ደግሞ መጣህ? መልሴ ያው ነው» አለች እየሳቀች።
«ዛሬ የመጣሁት ለወንድምሽ ነው።»
ሳቋ ቆመ። ከዳዊቷ መሐል አወጣችው። ቀጭን ልጅ፣ እጅጌው ላይ ጠመኔ።
«ስትጨርስ ራስህ ታመጣዋለህ። በሰው እንዳትልክ።»
ራስህ አለች… እንዴት ነው ነገሩ?

ጥቅምት 24
ጨረስኩ። ለወታደሩም እንደ ሌሎቹ ሁለት ዓይን። ከእሱ ፊት ለፊት፣ በማዶው ግድግዳ፣ ቢያድግልኝን ሣልኩት። ስጦታው ሲያየው «ይሄን ኮሚቴው አላዘዘም» አለ።
«ኮሚቴውን አምጣና ፊቱ ቆሞ ይደምሰስ ይበል።»
ስጦታው ቀና ብሎ ልጁን ትንሽ አየው። ኮሚቴውን አላመጣም።
ያየህን እንድትጠራው ብሩክታይትን ላክኋት። «ከመሰላል ወድቋል በይው።» ከዘራውን ረስቶ እየሮጠ መጣ! ቆሜ ሲያገኘኝ፣ «እግዜር ይይልህ፣ አንተ ከይሲ!» አለ። ትንፋሹ አጠረ። ከዚያ የወታደሩን ሁለት ዓይን አየ። ሊወጣ ሲዞር ወንድሙ ፊት ቆመ።
እኔ ለፈለፍኩ። «ያየህ… ያን ጊዜ ድፍረት አልነበረም። ፎቶው በጎኑ ነበር።»
«አውቃለሁ።»
«ምን?»
«ፎቶውን ቀበሌ አይቼዋለሁ። ያን ዓመት ሌላ የሚያስቅ ነገር አልነበረንም፣ ተውኩት።»
አርባ አምስት ዓመት! እኔ ነኝ ለካ የተሞኘሁት።
«ወታደሩን በጎኑ ባደርገው ወንድምህን አያየውም» አልኩት። «አሁን ግን ሲያየው ይኖራል።»
ያየህ ወደ ወታደሩ ዞረ፣ ወደ ወንድሙ ተመለሰ። «ጆሮውን አበዛኸው» አለ።
«የማንን?»
«የወንድሜን ነዋ፣ አንተ ቀለም አበላሽ!»
ዛሬ እራት በላሁ።

ኅዳር 3
ያየህ ጠዋት ጠዋት ከአጥሩ ሰድቦኝ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ይሄዳል። ዛሬ ተከተልኩት። በወንድሙ ሥር ወንበር ስቦ ተቀምጧል። አንዲት ተማሪ መጣች።
«አባባ፣ ይሄኛው ስንት ዓመት ገዛ?»
«አልገዛም። ቢያድግልኝ ይባላል። ሒሳብ ያስተምር ነበር፣ እዚሁ።»
ከተወሰደ ወዲህ ይህን ስም ከያየህ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከሥራው እዚያው የቀረውን ብሩሼን አንሥቼ አጠብኩ። ንጹሕ ነበር፣ ቢሆንም አጠብኩት።
«ጎበዝ ነበር?»
ያየህ አሰበ። «ቁጡ ነበር። ዘጠኝ ሲባዛ በሰባት ካላወቅሽ ለእረፍት አትወጪም።»
«ስልሳ ሦስት» አለች ወዲያው።
ያየህ ቀና ብሎ ወንድሙን አየ።
«በይ ውጪ» አላት።