ጮቄ ላይ ብቻውን አልነበረም

ይድረስ ለይታያል እናት፣

እንደምን ሰነበቱ እማማ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? እህልስ እየቀመሱ ነው? ልጅ ቀብሮ ደህና ነኝ የሚል እንደሌለ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሳልጠይቅዎ መጀመር አልቻልኩም። እህቱ ሥራነሽስ ደህና ናት? ይህን ስታነብልዎ ሌላ ሰው ባይኖር ደስ ይለኛል።

ለአርባው ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር ልመጣ ተሰናድቼ ነበር። መንገዱ ተዘጋና ከደብረ ማርቆስ ሳንወጣ ቀረን። ስልኩም አልሠራ አለኝ፤ ስለዚህ ጻፍኩ።

የቀብሩ ዕለት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አገኙኝ። «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። አብሬው እንደምሠራ ነገርኩዎ። እርስዎ እያለቀሱ እኔን አባበሉኝ፤ በነጠላዎ ጫፍ ፊቴን ጠረጉልኝ። «ልጄ ሲሞት ብቻውን ነበር?» ብለው ሲጠይቁኝ ሰዎች መጥተው ደግፈው ወሰዱዎ። መልሱ እኔው ዘንድ ቀረ።

ብቻውን አልነበረም እማማ።

እሳቱ የተነሣ ዕለት ሁለታችንም ለሥራ ጮቄ ወጥተን ነበር። በጥብቁ ቦታ ውስጥ ያለው የአስታ ቁጥቋጦ ደርቆ ስለነበር እንደ ጭድ ተያያዘ። የአካባቢው ሰው እርጥብ ቅርንጫፍ እየያዘ ወጣ። ይታያል ከፊት ነበር። ያንን ተራራ እንዴት እንደሚወደው ያውቃሉ፤ አንድ የጅብራ ተክል ተቆርጦ ካየ ምሳውን አይበላም ነበር። እሳቱን ልናጠፋው ስንቃረብ ነፋሱ ዞረ። አባ ወልደ ሩፋኤል የሚባሉ ሽማግሌ በጎቻቸውን ሊያወጡ ገደሉ ሥር ወርደው ኖሮ ልጃቸው ማንጠግቦሽ «አባቴን!» እያለች ጮኸች። ይታያል ጋቢውን ውኃ ውስጥ ነከረ። እጁን ይዤው ነበር። «መጣሁ» አለኝና አስለቅቆኝ ወረደ።

ሽማግሌውን አዝሎ ወጣ። እርሳቸው ዳኑ። እሱ ግን ጭሱን ጠጥቶት ነበርና ጥቂት እንደተራመደ ቁጭ አለ፤ መተንፈስ አቃተው። በቃሬዛ ይዘነው ወደ መኪናው መንገድ ወረድን። ውኃ ጠየቀኝ፤ ከንፈሩን አረጠብኩለት። «ሽማግሌውስ?» አለኝ። ደህና ናቸው አልኩት። ቀጥሎ እርስዎን አነሣ። «ለፋሲካ ሉማሜ እናቴ ዘንድ እወስድሻለሁ ብዬሽ ነበር» አለ። እንሄዳለን አልኩት። ሌላ ቃል አልተናገረም። እጁ እስኪቀዘቅዝ ድረስ እጄ ውስጥ ነበር።

ለበዓሉ የገዛሁልዎ ቀሚስ እኔ ጋ አለ። ልክዎን የነገረኝ እሱ ነው። ምን ብዬ እንደምሰጥዎም ብዙ ተለማምጄ ነበር። «እናቴ መጀመሪያ ትከፋ ይሆናል፤ ካየችሽ በኋላ ግን ትተዋለች» ይለኝ ነበር።

ለሥራ ባልደረባ የሐዘን ፈቃድ የለም እማማ። በማግሥቱ ቢሮ ገባሁ። ሰው ስለ እሱ ሲያወራ እንደማንኛቸውም ሆኜ እሰማለሁ። ዝናቡ ከጣለ ወዲህ የተቃጠለው አስታ ከሥሩ እያቆጠቆጠ ነው ይላሉ። ሄጄ ማየት አልቻልኩም፤ ወደ ተራራው ከሚወጡት ሠራተኞች ዝርዝር እንዲያስወጡኝ ጠየቅሁ።

እርስዎ በቅዳሴው ሲያስቡት እኔም በየሶላቴ አስበዋለሁ። ፈጣሪ ልብዎን ያበርታልዎ፤ ሥራነሽን ያኑርልዎ፤ ቤትዎን ሌላ ሐዘን አይርገጠው። መንገዱ ሲከፈት ቀሚሱን በሰው ልላክልዎ ወይስ እኔው ላምጣው? ያሉኝን አደርጋለሁ።

ከፈቀዱልኝ፣
ልጅዎ