በአንድ ማዳበሪያ የገባው ስኳር

ትናንት እሁድ ከሰዓት በኋላ የእትዬ ዘነበች ቤት ተፈትሾ አንድ ማዳበሪያ ስኳር ተገኘ። እሷም ወደ ቀበሌ ተወስዳለች።

ጽጌዬ፣ ከተለየሽኝ ዘጠኝ ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ የምነግርሽ ስላልነበረኝ ነው። ዛሬ አለኝ።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርሽ። ጣሪያው በልደታ ቤተ ክርስቲያን በኩል ባለው ጥግ አሁንም ያፈሳል፤ አልጋውን ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ። ለቡታጋዙ አዲስ ክር አስገብቼለታለሁ፤ ከሻይ በቀር ግን የሚጣድበት የለም። ኮካችን ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፈራ። የግቢው ሰው እየለቀመ ወሰደው፤ እኔ አንዱንም አልቀመስኩም።

የምታውቂውን እደግምልሻለሁ፤ ነገሩ ከመጀመሪያው ካልተነሳ የትናንቱ አይገባም። ሐምሌ ላይ ኮኩ ሲበስል በአንድ ሳምንት ውስጥ ካልተሠራ ይበላሻል። ከቀበሌ ሱቅ የሚሰጠን የወር ስኳር ደግሞ ለአንድ ቤት ሻይ እንኳ አይበቃም። ስለዚህ የግቢው ሰው ሁሉ ከየድርሻው ቀንሶ ለአንቺ ያመጣ ነበር፤ አንዱ በጣሳ፣ አንዱ በላስቲክ፣ አንዱ በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ። አንቺ ሽሮፕ አድርገሽ ትመልሽላቸዋለሽ። በፍልሰታ ከቅዳሴ መልስ በውሃ ተበርዞ ይጠጣል፤ ክርስትና ያለበት ቤት ደግሞ ለቶርታው ያስቀምጠዋል።

አሠራርሽ ዓይኔ ላይ ነው። ኮኩን ልጠሽ፣ ከትፈሽ፣ ስኳር ነስንሰሽበት ታሳድሪዋለሽ። ጠዋት ድስቱ በገዛ ውሃው ተሞልቶ ይገኛል። ከዚያ በቀስታ እሳት፣ አረፋውን በጭልፋ እየገፈፍሽ። መድረሱን የምታውቂው በሰሃን ነበር፤ አንድ ጠብታ ቀዝቃዛ ሰሃን ላይ ጥለሽ ታዘነብዪዋለሽ፤ ፈጥኖ ከሮጠ ገና ነው። ሲያመነታ ሎሚ ትጨምሪበትና በሻሽ ታጠልዪዋለሽ። ከተክለ ሃይማኖት ያመጣናቸውን ጠርሙሶች የምቀቅለው እኔ ነበርኩ። ትኩሱን እስከ አንገታቸው ሞልተሽ በቡሽ ትደፍኛቸውና የቀለጠ ሻማ ታፈሺባቸዋለሽ። ጣትሽን ባቃጠልሽ ቁጥር የምትሰድቢው እኔን ነበር።

አንድ ስህተት ነበረብሽ። የመጣውን ስኳር ሁሉ አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ትደባልቂው ነበር። "የእኔ ነጭ ነበር፣ የእሷ ቀይ ነበር እንዳይባባሉ" ትያለሽ። ማን ምን ያህል እንደሰጠ በወረቀት ልያዝልሽ ብዬ ነበር። እጅሽን ከማዳበሪያው ሳታወጪ፣

"አንተ ሰውዬ፣ ቤቱን የምትሠራበት ጋዜጣ ቤት አታድርገው። በጎረቤት መሃል ወረቀት ምን ያደርጋል?" አልሽኝ።

እኔም ተውኩት። ወረቀት ቢኖር ኖሮ ዛሬ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

አምና የአብዮት ጥበቃ ሰዎች የመጡም እሁድ ነበር። ማዳበሪያውን ከአልጋ ሥር ጎትተው አውጥተው ደጃፍ ላይ አቆሙት። ስኳር በመሸሸግ፣ የኢኮኖሚ አሻጥር በመሥራት አሉ። "የግቢው ነው" አልኳቸው። የባል ምስክርነት አይቆጠርም አሉኝ። አንቺ ግን አልደነገጥሽም። ግቢው በሙሉ ወጥቶ ቆሞ ስለነበር ዞረሽ ወደ እነሱ አየሽ፤ መጀመሪያ ያየሽው እትዬ ዘነበችን ነበር። ከሁለት ቀን በፊት ስኳሯን በእጇ አምጥታ፣ "አንቺ ጽጌ፣ ዘንድሮ ለእኔ ወፍራሙን ጠርሙስ" ብላሽ የሄደች ሴት ናት።

"እትዬ ዘነበች፣ የእርስዎም አለበት አይደል?" አልሻት።

"የእኔ? እኔ ቡናዬንም ሻይዬንም በጨው ነው የምጠጣው! ስኳር ምን ያደርግልኛል?" አለች።

ሰዎቹ ሳቁ። እሷም አብራቸው ሳቀች። ከዚያ በኋላ ማንም አፉን አልከፈተም፤ እሷ ካለች በኋላ "የእኔ አለበት" የሚል ሁሉ ቀልዱን ሊያበላሽ ነበርና። ሰው ፈርቶ ዝም ቢል ይገባኛል፤ እኔም ብዙ ጊዜ ፈርቼ ዝም ብያለሁ። ፈርታ ብትዋሽም ይገባኝ ነበር። በአንቺ ላይ መቀለዷ ግን አልገባኝም። ዛሬም አልገባኝም።

አስራ አንድ ቀን ያዙሽ። ያ የቀበሌው ክፍል መሬቱ ሲሚንቶ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ውሃው በበሩ ሥር ይገባል። ያመጣሁልሽን ብርድ ልብስ ሁለት ጊዜ መለሱብኝ። የከተፍሽው ኮክ ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ሻገተ፤ ምን እንደማደርገው ስላላወቅሁ በስምንተኛው ቀን ደፋሁት። ስትወጪ እያሳለሽ ገብተሽ መጀመሪያ የጠየቅሽኝ "ኮኩን ምን አደረግከው?" ብለሽ ነው። ሳሉ አልለቀቀሽም። ጥቅምት ላይ ሐኪሙ የሳንባ ምች ብሎ ጻፈ። የጻፈው ትክክል ነው፤ ከየት እንደመጣ የሚጻፍበት ቦታ ግን ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ዘነበች ልትጠይቅሽ ሎሚ ይዛ መጥታ ነበር። ተነስተሽ ለመቀመጥ ሞከርሽ፤ ጉንጯን ሳምሻት፤ ስለ ወገቧ ሕመም ጠየቅሻት። እኔ ወጥቼ ሰንጋ ተራ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። አንቺ ይቅር አልሻት፤ እኔን ግን አላማከርሽኝም።

በአርባሽ ማግስት መጣች። ምጣዶቹ ታጥበው ድንኳኑ እየተነቀለ ነበር። "ጋሽ በቀለ፣ ያ የሽሮፕ ድስት ያለ ሥራ ከሚቀመጥ እኔ ልያዘው፤ ነፍሷም ደስ ይላታል" አለችኝ። ሰጠኋት። ጠርሙሶቹንም፣ ሻሹንም ሰጠኋት። ሰው ሁሉ ሐዘን አለዝቦታል ብሎ አሰበ።

ዘንድሮ ሐምሌ ሲገባ አንቺ እንደምታደርጊው ከየቤቱ መሰብሰብ ጀመረች። ወደ እኔም በር መጣች። "የጽጌን ስም እንዳናስጠፋው ብዬ ነው" አለች። ስምሽን ከአፏ ሰማሁ። የወሩን ስኳሬን በሙሉ፣ አንድ ማንኪያ ሳላስቀር፣ ሰጠኋት። ማዳበሪያዋ ውስጥ ስትገለብጠውና ከሌላው ጋር ሲደባለቅ ቆሜ አየሁ። ስም ይጻፍበት አላልኳትም።

ለቀበሌው የጠቆምኩት እኔ አይደለሁም። ማን እንደጠቆመ አላውቅም፤ ብዙም አልጠየቅሁም። ግን ላንቺ አልዋሽም፤ ስኳሬን የሰጠኋት እንዲህ ያለ ቀን ይመጣ ይሆናል ብዬ ነው።

ትናንት መጣ። ማዳበሪያውን ደጃፏ ላይ ሲያቆሙት መስኮቱ አጠገብ ነበርኩ። ግቢው እንደ አምናው ወጥቶ ቆመ፤ እንደ አምናው ዝም አለ። ዘነበች ዞር ዞር ብላ አየቻቸው። የሁሉንም ስም ጠራች፤ አንዱ ጫማውን ያያል፣ አንዷ ልጇን ወደ ቤት ታስገባለች። መጨረሻ ላይ ወደ እኔ መስኮት ጮኸች።

"ጋሽ በቀለ! ጋሽ በቀለ! የእርስዎም አለበት አይደል? ኧረ በጽጌ ሞት ይንገሩልኝ!"

ከጠባቂዎቹ አንዱ ቀና ብሎ አየኝ። መጋረጃውን ሳብኩት። ደስ አለኝ። ቃሉን አስቤበት ነው የጻፍኩት፤ ደስ አለኝ።

ያስገቧት ያንኑ ክፍል ነው። ዛሬ ሰኞ ከጠዋት ጀምሮ ዝናቡ አላባራም። ልጅም ባልም የላትም፤ ብርድ ልብስ የሚያደርስላት ሰው እንደሌለ ግቢው ሁሉ ያውቃል። የእኛው ሳጥኑ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ሁለት ጊዜ አየሁት። አልወሰድኩላትም።

ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ጸሐፊ ወረቀት ይዞ መጣ። ጉዳዩ ለፍርድ ሸንጎው ቀርቧል። ዘነበች የቆጠረችው ምስክር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እኔ ነኝ። "ሌላ ሰው የለሽም ወይ ብንላት፣ ጋሽ በቀለ ውሸት አያውቅም፣ እሱ ይበቃኛል አለች" ብሎ ጸሐፊው ፈገግ አለ። ፈርሜ ተቀበልኩ።

ነገሩ ግልጽ ነው። "የእኔ ስኳር አለበት" ካልኩ ሌሎቹም አፋቸውን ይከፍታሉ፤ የሚጠብቁት የመጀመሪያውን ሰው ነው። በዚያው ዕለት ቤቷ ታድራለች። "አልሰጠኋትም" ካልኩ ፋይሉ ከቀበሌው በላይ ወዳለው ከፍተኛ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የሚያውቅ የለም። ሁለቱንም መልስ ወረቀት ላይ ጽፌ አይቻቸዋለሁ። አንዱም ከአንድ መስመር አያልፍም። አንዱ እውነት ነው። ሌላው የእኔ ነው።

አንቺ ብትኖሪ የምትዪውን አውቀዋለሁ፤ ስለዚህ አልጠይቅሽም። ይቅርታሽ የራስሽ ነበር፤ በእኔ ስም አልሰጠሽውም፤ እኔም አልወረስኩትም። የምገባልሽ ቃል አንድ ነው፦ የቱንም ብመልስ አንቺን አልረሳም፤ ያሳለፍሽውንም አስራ አንድ ቀን ለማንም ብዬ አላሳንሰውም።

መጥሪያው የሚለው ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ዛሬ ሰኞ ነው፤ አልወሰንኩም።

በቀለ