መርዶሽ አራት ቀን ፈጀ

ውድ እህቴ ብርቄ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ከሥራ መልስ እግሬን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፍልሽ። ደክሞኛል፣ ብርቄ። የአረጋውያን ቤት ሥራ እንደምታውቂው ነው፤ ወገቤም እንደዚያው። ልጄ ሳሮን ሻርሆልመን የሚባል ሰፈር ቤት አግኝታ ወጥታለች። ስትመጪ የምትተኚበት ሶፋ በቦታው አለ፤ ማንም አይተኛበትም።

ልጆች ሆነን ደሴ አክስታችን ዘንድ ስንሄድ ሙሉ ቀን አውቶቡስ ላይ እንውል ነበር። አንቺ ያስመልስሻል፣ እኔ ፌስታል እይዝልሻለሁ። ያም ሆኖ በየክረምቱ እንሄዳለን። ካንቺ ሮም እስከ እኔ ስቶክሆልም ግን ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በአውሮፕላን ሦስት ሰዓት። ቅርብ ነው፣ መቼም ይደረስበታል እያልን በአሥራ አንድ ዓመት አራት ጊዜ ብቻ ተያየን።

ማክሰኞ አረፍሽ። ረቡዕ ስደውል ስልክሽን ያነሳችው ጓደኛሽ ትንሽ አሟት ተኝታለች አለችኝ። ሐሙስም እንደዚያው። ዓርብ ቀበሩሽ። ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ፤ የዕድራችን ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል። ሳያቸው ገባኝ። ሁሉም ከማክሰኞ ጀምሮ ያውቁ ነበር። ሥራ ላይ ነች፣ ብቻዋን ነች፣ መርዶ በስልክ አይነገርም ብለው ነው የቆዩት። ለእኔ አዝነው ነው። ግን ረቡዕ ቢነግሩኝ እደርስልሽ ነበር። ይህን ሳላስብ የዋልኩበት ቀን የለም።

ባለፈው ወር ደግሞ ቴንስታ ሰፈር የምትኖረው የዕድራችን አባል የሙሉ ወንድም ፍራንክፈርት ሞተ። ረቡዕ ተደወለልኝና ቅዳሜ ንጋት ከመርዶ ነጋሪዎቹ ጋር እንድሄድ፣ እስከዚያም ትንፍሽ እንዳልል ተነገረኝ። እሺ አልኩ። እሺ ብዬ ከሥራ ወጥቼ ባቡር ውስጥ ተቀመጥኩ፤ ቤቴ ያለበት ሱንድቢበሪ መውረድ ሲገባኝ ቴንስታ ድረስ ሄድኩ። ሙሉ ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ሽማግሌ ሳልይዝ፣ ብቻዬን፣ የሥራ ልብሴን እንደለበስኩ ነገርኳት። ጮኸች፤ ደረቴን ደበደበችኝ፤ ምን ዓይነት ሰው ነሽ አለችኝ። ያዝኳት። ትንሽ ሲበርድላት ሻንጣዋን አወጣሁ፤ ሳሮን ጋ ደወልኩና በስልኳ ለማግስቱ ቲኬት ቆረጠችላት። ፍራንክፈርት ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ዓርብ ወንድሟን አፈር አልብሳለች።

የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ታደሰ ወግ አፍራሽ፣ ፈረንጅ ሆነሽ ቀረሽ አሉኝ። ሰው ፊት ነው ያሉኝ። ሙሉም ከተመለሰች ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ አንገቷን ደፍታ ታልፈኛለች። ጠልታኝ ይሁን አፍራ አላውቅም። አልጠይቃትም። ደርሳለች።

መቃብርሽን ገና አላየሁትም፤ አቅም ሳገኝ እመጣለሁ። ለሙት ዓመትሽም ድግስ አልደገስኩም። ዝክርሽ ይህ ይሁንልኝ፤ የሰው ሞት ከሰማሁ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለሐዘኑ ባለቤት እነግራለሁ። ቢሰድቡኝም፣ ፊታቸውን ቢያዞሩብኝም፣ አንቺን እያሰብኩ አንኳኳለሁ።

እህትሽ ዘነበች