ማንደጃውን አልመልስም

እማዬ፣ አሰላሙ ዐለይኪ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? የሐይቅ ብርድ ዘንድሮ ተሻለሽ? ጁሀርስ ትምህርት ቤት ይሄዳል ወይስ አሁንም ጠዋት ጠዋት «ሆዴን» ይላል? እኔና አባዬ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ደማምም በርዷል። ያ የማይገጥመው መስኮታችን ነፋስ ያስገባል፤ አባዬ ካርቶን ለጥፎበታል።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስታለቅሺ መስማት ስለማልችል ነው። ደብዳቤውን ዋርዳ ታደርስልሻለች፤ የመውጫ ቪዛዋ፣ ኹሩጁ፣ ተመትቶላት ሐሙስ ትበራለች። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው። አማርኛ መጻፍ ያስተማረችኝ እህቴ ሲሀም ናት፤ ፊደል ከተሳሳተ እሷን ውቀሺ።

ከአባዬ ጋር የሚሠራው ሙሕሲን ሳይቀድመኝ ልንገርሽ። «ልጅሽ ከሰው ቤት ሰረቀ» ብሎ ይደውልልሻል። እውነቱን ነው፣ ወስጃለሁ። የወሰድኩት የከሰል ማንደጃ ነው፤ አልመልስምም።

ባለፈው ዓርብ አቡ ኸጣብ ለአባዬ ሱቅ ደወለ። ሲሀም ትሠራበት የነበረው የኾበሩ ቤት ጌታ ማለቴ ነው። የመጅሊሱን፣ የእንግዳ መቀበያውን፣ የእንጨት ምድጃ ወደ ጋዝ ልለውጥ አስቤያለሁ፣ የትኛው እንደሚረክስ መጥታችሁ አስሉልኝ አለ። የሱቁ ጌታ፣ ካፊሉ፣ አባዬን ላከው፤ ምድጃ የሚገጥም ሌላ ሰው የለውም። አባዬ ዐረብኛ ስለማይጽፍ እኔን ና አለኝ። እዚያ በር ላይ አልቆምም አልኩት። «ታዲያ ብቻዬን ልግባ?» አለኝ። ተነሣሁ።

ኾበር፣ አል ሒዛም አል-አኽደር ሰፈር ስንደርስ አቡ ኸጣብ በክብር ተቀበለን። ክፉ ሰው ነው ብዬ ብጽፍልሽ ይቀለኝ ነበር። ሻይ አስቀዳልን፣ ሲሀምንም አላህ ይርሐማት አለ። እንጨቱ ምድጃው ውስጥ ይንጣጣል። አባዬ እየነገረኝ እኔ ጻፍኩ። እንጨት ውድ ሆኗል፤ ለአንድ የብርድ ወቅት ሺህ አምስት መቶ ሪያል ይፈጃል። ጋዙ አራት መቶ ቢሆን ነው። ግን ምድጃውን ለመለወጥ ስድስት ሺህ ይወጣል፤ ወጪው የሚመለሰው በስድስተኛው ዓመት ነው።

አቡ ኸጣብ ሳቀ። ጋዝ እሳት ሳይሆን ቴሌቪዥን ነው፣ እንግዶቼ ቴሌቪዥን ሊሞቁ አይመጡም አለ። አባዬም ፈገግ አለ። ከዚያ አቡ ኸጣብ ወረቀቴን በጣቱ እየነካ አንድ ነገር ረስተሃል አለኝ። እንጨት ፍም ይተርፈዋል፤ እንግዳ ሲሄድ ፍሙን ለሠራተኛዋ ክፍል እንሰጣለን፣ በነፃ ትሞቃለች። ጋዝ ፍም የለውም። ለእሷ ማሞቂያ ልገዛ፣ መብራት ልከፍል ነው፤ እሱንም ጋዙ ላይ ደምረው አለኝ።

እማዬ፣ ስለ ሲሀም አባዬ የነገረሽ ተኝታ ሳለ ልቧ ቆመ ብሎ ነው። ልቧ ምንም አልነበረውም። ሐኪሙ የነገረን የፍም ጭስ ነው፣ የማይሸተው። መስኮት በሌለው ክፍል፣ እንዲሞቃት ተብሎ የተሰጣት ፍም ነው። አባዬ የዋሸሽ ፈርቶልሽ ነው፤ አትቆጪው።

ብዕሬን አስቀመጥኩ። ለሊሴስ በዚያው ፍም ነው የምትሞቀው? ብዬ ጠየቅኩ። ለሊሴ በሲሀም ቦታ የገባችው ልጅ ናት፤ ከባቲ ተነሥታ በየመን በኩል የመጣች። ማዳም ከበሩ ወዲያ ሆና፣ በሩን ገርበብ አድርገሽ ተኚ ብያታለሁ፣ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም አለች። ማሞቂያ እኮ መቶ ሪያል አይሞላም አልኩ። አባዬ ክንዴን ጨበጠኝ። አቡ ኸጣብ፣ የእህትህ ቀደር ነበር፣ አላህ የጻፈላት ነው፣ ኸላስ፣ አለቀ አለ።

በቀደር እኔም አምናለሁ። ፍሙን ወደ ክፍሏ ያስገባው ግን የሰው እጅ ነው። ይህንኑ በዐረብኛ፣ ድምፄን ሳልቀንስ ነገርኩት። ተነሥቼ በጓሮ ወደ ክፍሉ ሄድኩ። ለሊሴ ልብስ ታጥፍ ነበር። ማንደጃው ሲሀም ታስቀምጠው በነበረበት ጥግ፣ የትናንት አመድ እንደያዘ ተቀምጧል። አመዱን ደፋሁና ማንደጃውን ይዤ በዋናው በር ወጣሁ። ለሊሴ ከኋላዬ «አንተ! እኔ በምን ልሞቅ ነው?» እያለች ጮኸች። ዞሬ አላየኋትም። የቆጨኝ እሱ ብቻ ነው።

በማግስቱ ካፊሉ አባዬን ጠራው። ልጅህ ማንደጃውን መልሶ የአቡ ኸጣብን ራስ ስሞ ይቅርታ ይጠይቅ፣ አለዚያ የመኖሪያ ፈቃድህን፣ ኢቃማህን፣ አላድስም አለው። ማታ ሙሕሲን መጣና፣ አንተ ልጅ፣ ለአሮጌ ብረት ብለህ የአባትህን እንጀራ ልትዘጋ ነው? አለኝ። አሮጌ ከሆነ ለምን ይፈልጉታል? አልኩት። ትምህርት ቤት የሚማሩት ምላስ ነው እንዴ ብሎ በሩን ዘግቶ ሄደ።

ሰኞ ለሊሴ በስልክ ድምፅ ላከችልኝ። «አንተ ሌባ፣ ማዳም የመብራት ማሞቂያ ገዛችልኝ። ካለው ሁለት ዘንግ አንዱ ብቻ ነው የሚበራው፤ እግሬን ሳሞቅ ጆሮዬ ይቀዘቅዛል። ግን ጠዋት ስነሣ ራሴን አያመኝም። ለካ ሲያመኝ የነበረው ከሱ ኖሯል» አለች። ደጋግሜ ሰማሁት።

አባዬ ግን ፊቱን አዞረብኝ። ራት እናቀርባለን፣ እንበላለን፣ ይተኛል። ትናንት ከሥራ ሲመለስ ማንደጃውን ከአልጋዬ ሥር ሳበው። ሊመልስ ነው ብዬ በሩ ላይ ቆምኩበት። በእጁ ገፋ አድርጎኝ ወደ በረንዳው ወጣ፤ መሰርሰሪያውን ሰካና ትልቁን መብሻ ገጠመለት። የማንደጃውን ሆድ ይበሳው ጀመር። ብረቱ ሲጮህ ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ፤ አባዬ አላቆመም። አንድ ፍም የሚይዝበት ቦታ እስኪጠፋ ድረስ በሳው። ከዚያ እጄ ላይ አስቀመጠልኝና «አሁን መመለስ ካማረህ መልስ» አለኝ። አልመልስም አልኩት። «እኔም አልመልስም» አለ።

ዛሬ ጠዋት መሰርሰሪያውን በፎጣ ጠቅልሎ ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ከተተው። ከትምህርት ቤትም የውጤት ወረቀቴን እንድጠይቅ አዘዘኝ። ወደ አንቺ ልንመጣ ነው መሰለኝ። ጁሀርን አልጋው ላይ ትንሽ ወደ ግድግዳው ጠጋ ይበል በዪው።

አንቺም ከሰል ስታያይዢ፣ ቢበርድሽም በሩን ወለል አድርገሽ ክፈቺው። አላህ ዕድሜሽን ያርዝምልን፣ ሲሀምን በጀነት ያገናኘን።

ልጅሽ፣
የሲሀም ወንድም