ክርኔና የጆንያው መርፌ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12። ጠዋት ስድስት ኩንታል በቆሎና ሁለት ጆንያ ዝንጅብል ተሸጠ።

ክርኔ ቀልቶ ስለሚፋጅ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሟ እብጠቱን አይታ፣ "ጋሼ፣ ቀኑን ሙሉ በዚህ ክርን ይደገፋሉ?" አለችኝ። እውነት ነው፤ የሱቁ ጠረጴዛ ላይ ተደግፌ ነው የምውለው።

"ያበጠው ከአጥንቱ በላይ ያለ ትንሽ የፈሳሽ ከረጢት ነው፤ ባይደገፉበት ብዙ ጊዜ በራሱ ይጎድላል። ግን ይህ ቀዳዳ ምንድን ነው?"

"የሱቅ ጎረቤቴ ማርቆስ ውኃውን አፈሰሰልኝ፤ ጆንያ በምንሰፋበት መርፌ።"

"በጆንያ መርፌ!" ጓንቷን አጥልቃ ቀዳዳውን ጫን አደረገችው። "መግል ይዟል እኮ! ወደ ደም ቢገባ ይገድልዎታል!"

መድኃኒት ተወግቼ ወጣሁ። ድንጋጤው ግን አልለቀቀኝም፤ ማርቆስ የእናቱንም ያበጠ ጉልበት በዚያው መርፌ ነገ ሊያፈስ እሷ ወዳለችበት ወደ ዲምቱ ከተማ ወርዷል። ስልኩ ዝግ ነው።

ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ ዲምቱ መሄድ።